በጭስ የተፈተለ ጋቢ

ያንን ጋቢ ክር በክር የፈተልኩት በቂም ነው። ሰው ስለ ሽታው ሲጠይቀኝ ጥጡ ነው፣ ዘመኑ ነው እያልኩ አልፍ ነበር። እዚህ ግን ምን አስዋሸኝ? በቂም ነው። ደግሞም አሳምሬ ነው የፈተልኩት፤ ቀጭን፣ እኩል፣ አንድም ቦታ ያልጎረበጠ። ሰውን በመጥፎ ሥራ መበቀል ማንም ይችላል። እኔ በጥሩ ሥራ ነው የተበቀልኩት።

ቤት ውስጥ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ። ጠዋት እንዝርቴንና የተነደፈ ባዘቶዬን በቅርጫት ይዤ ከቁስቋም ቁልቁል እወርዳለሁ። አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊው ደጃፍ፣ ሌላ ቀን ጳውሎስ መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ከአስታማሚዎች ጋር እያወራሁ እፈትላለሁ። ሲመሽ ቅርጫቴ ውስጥ ባዘቶው አልቆ ልቃቂት ይሆናል፤ እኔም የሰፈሩን ወሬ ይዤ እመለሳለሁ። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሁሉ።

ልጄ ግን እንደኔ አትዞርም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ትቆማለች። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ግሮሰሪ አለ፤ እዚያ ትቀዳለች፣ ጠርሙስ ታነሳለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ደረቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። ቢሆንም ከእኔ ጋር ቁስቋም ማርያም ዳገቱን እየሳቀች ነበር የምትወጣው። ግሮሰሪው ከገባች በኋላ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጋ መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ ስትስቅ ማሳል ጀመረች። በመጨረሻ ሳቁን ተወችው።

ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ በትዕግሥት አዳመጠቻት።

«ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» አለቻት።

«የለም» አለች ልጄ።

«አለ እንጂ!» አልኩ እኔ፤ «ሰፈሩ ሁሉ ያጨስባታል!»

ሐኪሟ ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ሰብስባ፣ አስም መሆኑን ነገረችን። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠቻት። «ግን ጭስ ካለበት ካልወጣሽ ይሄ ብቻውን አይበቃሽም፤ እየባሰ ነው የሚሄደው» አለቻት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ መድኃኒቱን ኪሷ ከታ ሥራ ገባች።

እንግዲህ ነገሩ በሕግ የተከለከለ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ አይጨስም። ባለ ግሮሰሪው «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ እኔው ራሴ አንብቤዋለሁ። በላዩ ላይ ግን ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎበታል። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል የቀን መቁጠሪያውን ያወርደዋል፣ መተርኮሻዎቹን ከባንኮኒው ሥር ይከታል፣ መስኮቱን ይከፍታል። ሲሄዱ መልሶ ይሰቅለዋል። ሚስማሩን እንኳ አይነቅለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጬ ስፈትል፣ ሬድዮው ስለዚሁ ነገር አወራ፤ ውስጥ ያሉትም ክርክር ጀመሩ። አንድ ቡኒ የቆዳ ጃኬት የማይለየው ደንበኛ አለ። ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አፉ አይቻልም።

«ሳንባው የኔ፣ ሲጋራው የኔ፣ የከፈልኩት የራሴን!» አለ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «መሀል ላይ መንግሥት ምን አገባው? ነገ ደግሞ ጨው አታብዛ ሊለኝ ነው?»

«ሚስትህ ትልህ የለ እንዴ?» አለው አጠገቡ ያለው።

«እሷንማ መርጬ ነው ያገባኋት፤ ትበለኝ!»

ተሳሳቁ። ያኛው ግን አልለቀቀውም። «ታዲያ ወጣ ብለህ አጭስ። ማን ያዘህ?»

«ቢራዬን ላንተ ትቼ? አንተን አላውቅህም? ሰው እኮ ግሮሰሪ የሚመጣው ቢራ አጥቶ አይደለም። ቤቱ ተኝቶ አይጠጣም? ሰው ፍለጋ ነው የሚመጣው። ጨዋታው መሀል ላይ ውጣ፣ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቁም ብትለው ምኑን መጣ?»

የሞኝ ንግግር አይደለም። እኔም ቤት መቀመጥ የማልችለው ሰው ስለምፈልግ ነው፤ ገባኝ። ግን እንዲያው ዝም ማለት አቃተኝ።

«ልጄ» አልኩት ከበሩ፣ «ሳንባህስ ያንተ ይሁን። ጭሱ ከአፍህ ከወጣ በኋላስ የማን ነው?»

«ከወጣማ የአየሩ ነው እማማ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም ጠርሙስ ይዛ ስታልፍ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሳቁም ወዲያው ሳል ሆነ። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ስትስል እስከ በሩ ድረስ ይሰማኛል። ከውስጥ ዞር ብሎ ያያት የለም። ባለ ግሮሰሪው ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ክርክሩን ዘጋው፦ «የማይመቸው አይግባ! እኔ ማንንም አስሬ አላመጣሁም። ምርጫ ነው።»

ቂሙ የተጸነሰው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ግን ለመንኩት። ይሄ ይታወቅልኝ። ደንበኛ ሳይገባ በጠዋት ሄድኩና ስለ ልጄ ደረት፣ ሐኪሟ ስላለችው ሁሉ ነገርኩት። ክፉ አልተናገረኝም። ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ።

«እማማ» አለኝ፣ «ልጅዎት እኮ ሕፃን አይደለችም። እኔ አታጭሱ ብላቸው ሁሉም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ግሮሰሪ ነው የሚሻገሩት። ካልተመቻት በሩ ክፍት ነው። ምርጫዋ ነው።»

ለስላሳውን ሳልነካው ወጣሁ።

ወሬው ከእኔ በፊት ልጄ ጋ ደርሶ ነበር። ልብስ እያጠበች ጠበቀችኝ።

«ማን ለምኚልኝ አለሽ?» አለችኝ። «ከሥራ ልታስወጪኝ ነው? እኔ እኮ መርጬ ነው የገባሁት፣ እማዬ!»

«ከምን ከምን ነው የመረጥሽው?» አልኳት።

የያዘችውን ሸሚዝ አንገቱን ይዛ ጨመቀችው፤ ጨመቀችው፤ ውሃው አልቆም ጨመቀችው።

ጥቂት ቆይቶ የባለ ግሮሰሪው ልጅ ታጨች። የእጮኛዋ ወገኖች ሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማኔዎች ናቸው፤ አያቶቻቸው ከጋሞ የመጡ፣ ጸሎት የሚያዘወትሩ፣ የተከበሩ ሰዎች። ሠርግ አልፎ በመልሱ ቀን የሙሽራው አባት በሰው ፊት ጋቢ ይለብሳል፤ የሴቷ አባት ነው የሚያለብሰው። እና ባለ ግሮሰሪው ራሱ ቤቴ መጣ።

«እማማ፣ ማጉን የርስዎ እጅ ካልፈተለው አይሆንም» አለኝ። «ሰዎቹ ሸማኔ ናቸው። የሱቅ ጋቢ ባለብሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ነው የሚስቁብኝ።»

ከጓዳ ልጄ ታስላለች። እሱ ስለ ጋቢው ያወራል። ለሳሏ ቆም እንኳ አላለም።

«እሺ ልጄ» አልኩት። «የኔ ቤት ግን ጨለማ ነው። እዚያው ግሮሰሪህ መስኮቱ ጋ ልቀመጥና ልፍተልልህ።»

«ምን ችግር አለው! ቤቱ የርስዎ አይደል?»

ጥጥን የማያውቅ ሰው ነጭ ነገር ብቻ ይመስለዋል። እኛ ፈታዮች ሽንኩርት በሚቁላላበት ቤት ባዘቶ አንከፍትም። የቅባቱንም የቅመሙንም ሽታ ይዞ ነው የሚፈተለው፤ ከተሸመነ በኋላም እዚያው ነው። ቢታጠብ ይለቅ ይሆናል። የስጦታ ጋቢ ግን ታጥቦ አይሰጥም፤ ውሃ የነካው ጋቢ፣ ሰው ለብሶት ነበር ይባላል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ቅርጫቴን ይዤ ገባሁ፤ መስኮቱ ጋ፣ ባለ ቆዳ ጃኬቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰውዬው መጀመሪያ ጨነቀው። ሲጋራውን ወደ ጀርባው ደበቀና፣ «እማማ፣ ጭሱ አይረብሽዎትም?» አለኝ።

«ኧረ ምን ገዶኝ! እንዲያውም ወደዚህ ጠጋ በል፤ ብቻዬን ከምሆን አጫውተኝ።»

«ሰማችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ሰው ማለት እኚህ ናቸው! የሰው መብት የሚያውቁ!» ቢራውን አንስቶ ለጤናዬ ጠጣ። ከዚያ በኋላማ ባልገባሁ ቀን «የመብት እናት የት ሄዱ?» ይላል አሉ። ጭሱን ወደ ላይ ቡን ያደርገዋል፤ ቀስ ብሎ ወርዶ ባዘቶዬ ላይ ይተኛል። እኔ እንዝርቴን አሾራለሁ። ባዘቶውን ድሮ በነጠላ እሸፍነው ነበር፤ አሁን ገላልጬ ነው የምተወው። ልቃቂቱንም ቤቴ አልወስደውም፤ ከባንኮኒው ኋላ፣ የሲጋራ ፓኮዎቹ የሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው እሄዳለሁ። የእኔም ጉሮሮ ከርከር ይለኝ ጀመር። ከርከር ይበል አልኩ።

የነቃችብኝ ልጄ ብቻ ናት። ጠርሙስ ልታነሳ ጎንበስ ብላ፣ ልቃቂቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሸተተ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ለሠርግ እኮ ነው!»

«ለመልሱ ነው» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። በሕይወቷ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰው ስሳደብ ሰምታኝ አታውቅም። «አንቺ እንደዚህ ነሽ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዝም በይና ጠርሙስሽን አንሺ» አልኳት።

ባለ ግሮሰሪው የቀጠረው ሌላ ሸማኔ የፋብሪካ ድር ገዝቶ በእኔ ማግ ሸመነው። እሱም ከአፉ ሲጋራ አይጠፋም፤ ምንም አላለም። ባለ ግሮሰሪው ጋቢውን ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፤ ፊቱን እዚያ ውስጥ ቀበረና፣ «ወተት! እማማ፣ ይሄ እኮ ወተት ነው!» አለ። ምንም አልሸተተውም። ስንት ዘመን እዚያ ጭስ ውስጥ የኖረ ሰው አፍንጫ ምን ይሸትተዋል? በአዲስ ፌስታል ጠቅልሎ፣ አፉን አስሮ አስቀመጠው።

የመልሱ ቀን ግሮሰሪው ተዘጋ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ቄጤማ ተጎዘጎዘ። የሙሽራው አባት ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ደግሞ ትንሽዬ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ጊዜው ሲደርስ ባለ ግሮሰሪው ፌስታሉን ፈታ፣ ጋቢውን ዘረጋ፣ የሽማግሌውን ትከሻ አለበሰ። እልል ተባለ። ከሁሉ በላይ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ተቀምጠው ጋቢውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ትንሽ ቆዩ። አፍንጫቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱ። ዓይናቸውን ከደኑ። እንደገና ሳቡት፤ ረጅም አድርገው። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ የጠፋ ወዳጅ መንገድ ላይ ያገኙ ነበር የሚመስሉት። ሚስታቸው ወዲያው ዞረች። አንድ ጊዜ አሸተት አደረገች።

«አንተ!»

«ምነው?»

«ጀመርክ?»

«ምኑን?»

«በልጅህ መልስ ቀን! ሽንት ቤት ነው ብለኸኝ ከድንኳኑ ኋላ ሄደህ ነዋ!»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ጋቢው ነው!»

«ጋቢ ሲጋራ ያጨሳል?»

አጠገባቸው ያሉት መሳቅ ጀመሩ። ለሽማግሌው አዘንኩላቸው፤ ምን አጠፉ? ሴትዮዋ ግን የጋቢውን ጫፍ ይዛ አሸተተች። ሌላውን ጫፍ አሸተተች። ሳቁ ቆመ። ጎኗ ላለችው አቀበለቻት፤ ያቺም አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ባለ ግሮሰሪው ላብ እያጠመቀው መጣና ጋቢውን ነጥቆ እሱም አሸተተ፤ መሀሉን፣ ጥለቱን፣ ዘርፉን።

«ምንም አይሸትም እኮ!» አለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ድንኳኑ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ሰፈሩ በሙሉ የቤቱን ሽታ ያውቀዋል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አንጀቴ ራሰ። እናገራለሁ፤ እንደዚያ ቀን አንጀቴ ርሶ አያውቅም።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ጋቢውን በእጥፋቱ አጥፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ይሄንን ሰውዬ ከሲጋራ ያላቀቅነው በስንት ልቅሶ ነው። ይሄን ቤቴ አላስገባውም። ልጃችሁን እንወዳታለን፤ ከእንግዲህ ልጄ ናት። ነገ ግን የልጅ ልጅ ታቅፌ ልጠይቃችሁ ብመጣ፣ እንደዚህ ወደሚሸት ግቢ አልገባም። ቤታችሁ ሲጠራ ጋቢውን ትልኩልናላችሁ።»

በማግስቱ ባለ ግሮሰሪው ቤቴ በር ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እማማ፣ አውቀው ነው?»

«አዎ።»

«ምን በደልኩዎት?»

«ልጄን ስታስል ሰምተሃት አታውቅም?»

«መርጣ ነው የምትሠራው አልኩዎት እኮ!»

«ጥጡንም አንተ መርጠህ ነው እዚያ እንድፈትለው የፈቀድከው። የማይመቸው አይልበስ።»

ሰድቦ ሊሄድ ነው ስል፣ ወደ ጓዳ አንገቱን አስግጎ ልጄን ጠራትና፣ «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትመጪ» አላት። በቃ።

ልጄ አኮረፈችኝ። ምግብ ታቀርባለች፣ እጅ ታስታጥበኛለች፣ አትናገረኝም። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችኝ፦ «ቂሙ ያንቺ፣ ሥራው የኔ ነበር።» እውነቷን ነው። ቤቱ ውስጥ ነገር ሁሉ አጠረ፤ ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ጨዋታውም። ግን እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስትተኛ አዳምጣታለሁ። ስትተነፍስ ይሰማ የነበረው ፉጨት ከደረቷ እየወጣ ሄደ። አንድ እሑድ ወደ ቁስቋም ስንወጣ፣ ተናዳብኝ ጥላኝ ቀደመች። ከኋላ ሆኜ እያየኋት ነው። የምትቀመጥበት ድንጋይ ጋ ደረሰች። አለፈችው። ከንዴቷ ብዛት ማለፏን እንኳ አላወቀችም።

እዚያ ግሮሰሪ ደግሞ ጋቢው ችግር ሆኖ ተቀመጠ። ሽታው እንዲለቅ ብሎ ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ ሰቀለው። የግሮሰሪው የኋላ መስኮት በዚያው በኩል ነው፤ ጭሱ ወጥቶ ጋቢው ላይ ነው የሚያርፈው። ለመጠጣት የሚገባው ሁሉ ጎራ ብሎ ያሸትተዋል። ሌሎቹ «ለቀቀ?» ይሉታል። «ኧረ ገና ነው!» ይላል። ሙሽሪት አባቷን ለመጠየቅ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ሰላም ብላው ትመለሳለች፤ ለአማቷ ቃል ገብታለች። ይሄ ነው የሰበረው። ሕጉ አልሰበረውም፣ ተቆጣጣሪው አልሰበረውም፣ የእኔም ልመና አልሰበረውም። ልጁ በር ላይ ቆማ ስትመለስ ተሰበረ።

አንድ ቀን የቀን መቁጠሪያውን አወረደው። ሚስማሩንም ነቀለው። ደንበኞቹን ወደ ውጭ አስወጣ። ጮኹ፣ ፎከሩ፣ ሁለት ሦስቱ ከመንገዱ ማዶ ተሻገሩ፤ የማዶውም ባለቤት ውስጥ አታጭሱ ሲላቸው ተመለሱ። ቀጥሎ ልጄን ሊለምን መጣ፤ ከእሷ በኋላ ያመጣት ልጅ ደንበኛ መያዝ አልቻለችለትም። ልጄ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች።

«ውስጥ አንድ ሰው ከለኮሰ፣ የያዝኩትን አስቀምጬ ነው የምወጣው» አለችው።

«እሺ።»

«እንዳትቆጣኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«እናቴ ደግሞ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እንዝርቴን አየሁ። «ትቀመጥ» አለ በስንት መከራ።

ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አላስመስልም። አሁንም ሳየው ያ የጓዳው ሳል ትዝ ይለኛል። ጋቢው ዛሬም ሽቦው ላይ ነው፤ ሊለቅ ትንሽ ቀርቶታል። ሳልፍ ጎራ ብዬ አሸትተዋለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ሰሞኑን ክረምቱ ገባ። ውስጥ ተቀምጬ ባዘቶዬን ከፍቻለሁ፤ ልጄ ጠርሙስ እየከፈተች የሆነ ነገር ስታወራ ትስቃለች፤ ሳቋም ሳቅ ሆኖ ያልቃል። ውጭ ቆርቆሮው ሥር ባለ ቆዳ ጃኬቱ ቆሞ ያጨሳል። ዝናቡ በአንድ ትከሻው ላይ ይወርዳል። መስኮቱን አንኳኳ።

«የመብት እናት! ይሄ ፍርድ ነው? ትንሽ ቀርታኛለች፤ ገባ ብዬ ልጨርሳት!»

መስኮቱን ገርበብ አደረግሁለት።

«ከአፌ ከወጣ የአየሩ ነው አላልከኝም ልጄ?» አልኩት። «አየሩ ያውልህ፤ ሙሉውን ላንተ ትተንልሃል።»

ዘጋሁትና እንዝርቴን አሾርኩ።